ከሜክሲኮ እስከ ቃሊቲ፤ ማሞ ወልዴ የሮጠበት መንገድ

«ቃሊቲ እኖራለሁ» ስል ሰሚው አስቀድሞ የሚያስበው እስር ቤቱን ነው። በእርግጥ የአቃቂ ቃሊቲ ሰው በማለዳ ከቤቱ ሲወጣ በብዛት የሚያየው ሯጭ ነው። አካባቢያችን ከእንጦጦና ከሱሉልታ ዝቅ ያለ፣ ሜዳማም በመሆኑ አሠልጣኞች ለፍጥነት ልምምድ ይመርጡታል። እኔም ጉልበቴ በፈቀደልኝ መጠን ከኋላ ከኋላቸው ሶምሶማ እላለሁ፤ ወዲያው ጥለውኝ ይሄዳሉ።

በቅርቡ በክፍል ውስጥ ተማሪዎቼን «ማሞ ወልዴ ማን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ከብዙ ዝምታ በኋላ አንዱ «የአበበ ቢቂላ ጓደኛ» አለኝ። መልሱ ስሕተት አልነበረም። ሆኖም አንድ የኦሊምፒክ ማራቶን አሸናፊ በገዛ አገሩ «የእገሌ ጓደኛ» ብቻ ሆኖ ሲታወስ የታሪክ መምህር ሊያፍር ይገባዋል። ይህን ጽሑፍ የጻፍሁት ከዚያ እፍረት ተነሥቼ ነው።

ነገሩን ከስም እንጀምር። የአዲስ አበባው ሜክሲኮ አደባባይ ስሙን ያገኘው በከንቱ አይደለም። ፋሽስት ጣሊያን አገራችንን በያዘችበት ዘመን ወረራውን አናውቅም ካሉት ጥቂት መንግሥታት አንዱ የሜክሲኮ መንግሥት ነበር። አፄ ኃይለ ሥላሴም በ1946 ዓ.ም. ያችን አገር ጎብኝተዋል። ዛሬ በሜክሲኮ ከተማ በአገራችን ስም የሚጠራ አደባባይ አለ፤ «ኢትዮጵያ» የተባለው የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያም መለያው የአንበሳ ራስ ነው። የእኛው አደባባይ በቀላል ባቡሩ ግንባታ የቀድሞ ቅርጹን ቢያጣም፣ የታክሲ ረዳቶች ስሙን ቀኑን ሙሉ ሲጠሩት ይውላሉ።

ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 20 ቀን 1968) የኦሊምፒክ ማራቶን ሯጮች የተሰለፉት በዚያች ከተማ እምብርት፣ ዞካሎ በሚባለው ሰፊ አደባባይ ነበር። ዞካሎ የቅኝ አገዛዝ ልብ ነው። ስፔናውያን እ.ኤ.አ. በ1521 የአዝቴኮችን መናገሻ ካፈረሱ በኋላ የራሳቸውን ከተማ በፍርስራሹ ላይ ሠሩ፤ ለታላቁ ካቴድራልም የቤተ ጣዖቱን ድንጋይ ተጠቀሙ። ከውድድሩ አሥር ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1978፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኞች መሬት ሲቆፍሩ ግዙፍ የአዝቴክ ቅርጽ ድንጋይ አገኙ፤ የታላቁ መቅደስ ሰፊ ቁፋሮም ከዚያ ተጀመረ። ሯጮቹ የተነሡት እንግዲህ ከተቀበረ ከተማ አናት ላይ ነው።

የክቡር ዘበኛው ማሞ ወልዴ ያኔ 36 ዓመቱ ነበር። ከሳምንት በፊት በ10,000 ሜትር ከኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ ቀጥሎ ብር አግኝቷል። በሮምና በቶኪዮ ያሸነፈው አበበ ቢቂላ እግሩን ታሞ ግማሽ መንገድ ሳይደርስ አቋረጠ። አደራው በማሞ ላይ ወደቀ። እርሱም በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ ገብቶ፣ ተከታዩን ጃፓናዊ ኬንጂ ኪሚሃራን ከሦስት ደቂቃ በላይ ቀደመው። በአንድ ርቀት ሦስት ኦሊምፒክ በተከታታይ ለአንድ አገር ሆነ።

ብዙዎች ድሉን ለከፍታው ሰጡት። ሜክሲኮ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,240 ሜትር ላይ ትገኛለች፤ አውስትራሊያዊው ሮን ክላርክ በ10,000 ሜትር ፍጻሜ ራሱን ስቶ ኦክስጅን እስኪሰጠው ደርሷል። ከፍታ መርዳቱን አልክድም። ነገር ግን ከፍታ ሁሉን የሚፈታ ቢሆን ኖሮ፣ ጃፓናዊው ሁለተኛ፣ የኒውዚላንዱ ማይክ ራያን ሦስተኛ ባልሆኑ ነበር። አበበስ በሮምና በቶኪዮ ያሸነፈው በየትኛው ተራራ ላይ ነው? የሰውን ልፋት ለአየርና ለመሬት መስጠት፣ ላቡን ከታሪኩ መሰረዝ ነው።

አሁን ወደ ከበደው ጉዳይ ልግባ። ከውድድሩ በፊት በነሐሴ ወር የሜክሲኮ ተማሪዎች ዞካሎን ሞልተው ነበር፤ ሠራዊቱ ሌሊት በታንክ አስለቀቃቸው። በመስከረም ወታደሮች ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲውን ያዙ። መስከረም 22 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ ጨዋታው ሊከፈት አሥር ቀን ሲቀረው፣ በትላቴሎልኮ አደባባይ በተሰበሰቡ ተማሪዎች ላይ ጥይት ዘነበ። የሟቾቹ ቁጥር እስከ ዛሬ ያከራክራል። ማራቶኑ የተጀመረው ተማሪዎች በታንክ ከተባረሩበት አደባባይ ነው፤ የተፈጸመውም በዚያው ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ነው። ዓለም ያጨበጨበለት ጎዳና አስቀድሞ የተጠረገ ጎዳና ነበር።

ይህን ስል ማሞን ልወቅስ አይደለም። ሯጭ መንገዱን አይመርጥም፤ ከእግሩ ሥር የተቀበረውንም እንዲያውቅ አይጠበቅበትም። ማወቅ ያለብን ቆመን የምናጨበጭበው ነን። እኛም ብንሆን ከሜክሲኮ ሕዝብ የተለየ ዕጣ አልገጠመንም። ከዓመት በኋላ፣ በታኅሣሥ 1962 ዓ.ም.፣ ጥላሁን ግዛው ተገደለ፤ በማግስቱም በስድስት ኪሎ የተማሪ ደም ፈሰሰ።

የማሞም ዕጣ በዚሁ የአደባባይ ታሪክ ውስጥ ገባ። በ1964 ዓ.ም. በሙኒክ በ40 ዓመቱ ነሐስ ጨመረልን። ደርግ ከወደቀ በኋላ በቀይ ሽብር ዘመን ከተፈጸመ የአንድ ለጋ ወጣት ግድያ ጋር በተያያዘ ተጠርጥሮ ታሰረ። በቦታው በትእዛዝ መገኘቱን፣ ልጁን ግን አለመግደሉን ተናግሯል። ፍርድ የተሰጠው በጥር 1994 ዓ.ም. ነው፤ የተፈረደበት ስድስት ዓመት፣ የታሰረው ግን ዘጠኝ ዓመት ያህል ስለነበር ተለቀቀ። በዚያው ዓመት ግንቦት 18 ቀን አረፈ።

የነበረበት የአዲስ አበባ ማዕከላዊ እስር ቤት ከሜክሲኮ አደባባይ በእግር የሚደረስ ነበር። የሜክሲኮው ድል ባለቤት በሜክሲኮ አጠገብ ታስሮ ኖረ ማለት ነው። ዛሬ እስር ቤቱ ፈርሷል፤ በቦታው በጥር 2004 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ቆሟል። እኛም እንደ ስፔናውያኑ በአሮጌው ላይ አዲስ መሥራት እናውቅበታለን።

ጀግና ከሕግ በላይ ነው አልልም። የሞተው ልጅ እናት ነበረችው፤ የእርስዋ ኀዘን በወርቅ ሜዳሊያ አይካካስም። ነገር ግን ዘጠኝ ዓመት የቆየ ፍርድ ማንን ካሰ? ተከሳሹ ዕድሜውን በእስር ጨረሰ፤ የሟች ወገንም እውነቱን ለመስማት ያንን ሁሉ ዓመት ጠበቀ። ከዚያ ወዲህ እኛ የመረጥነው ሦስተኛ መንገድ ዝምታን ነው። ድሉን ብናነሣ ክሱ ይነሣብናል፣ ክሱን ብናነሣ ድሉ ይደበዝዝብናል ብለን ሁለቱንም ተውናቸው። ተማሪዬ «የአበበ ጓደኛ» ያለኝ ለዚህ ነው።

ከመሀል ከተማ ወደ ቃሊቲ ስመለስ በደብረ ዘይት መንገድ በቅዱስ ዮሴፍ መካነ መቃብር አጠገብ አልፋለሁ። አበበም ማሞም ያረፉት እዚያ ነው። በማግስቱ ማለዳ ደግሞ የአቃቂ ልጆች በጎኔ ሽው ብለው ያልፋሉ። ከእነርሱ አንዱ ነገ በአንድ ታላቅ ከተማ አደባባይ ይሰለፍ ይሆናል። ስለ ማሞ ሲጠይቀን ወርቁንም እስሩንም፣ የልጁንም ሞት ሳንሸራርፍ ብንነግረው ሩጫው አይከብደውም። የሚከብደው አዋቂዎቹ ያዳፈኑትን ሳያውቅ በላዩ ላይ መሮጡ ነው።