ንጉሥ ካልተከሰሰ ማን ይከሰስ? ዘውድና ተጠያቂነት በሕገ መንግሥታዊ ንጉሣዊ ሥርዓት

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ብሂል ዛሬም ዘውድ በቆመባቸው አገሮች አልተሻረም። እ.ኤ.አ. የ1978ቱ የስፔን ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 56 የንጉሡ ሰውነት እንደማይደፈርና በኀላፊነት እንደማይጠየቅ ይደነግጋል። ነገር ግን እዚያው አንቀጽ ውስጥ ሌላ ግዴታ ሰፍሯል፤ ከቤተ መንግሥቱ የውስጥ አስተዳደር በቀር የንጉሡ ድርጊት የሚጸናው የሌላ ባለሥልጣን ፊርማ ሲታከልበት ነው። አንቀጽ 64 ደግሞ ተጠያቂው ያ ሁለተኛው ፈራሚ መሆኑን ይገልጻል። ስለ ዘመናዊ ዘውድ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎላው የአንድነት ምልክትነቱ፣ ሥነ ሥርዓቱና ቅርሱ ነው። በእኔ እምነት እነዚህ ሁሉ ተከታዮች ናቸው። የዘውዱ ዋና ሚና ያለው በሁለተኛው ፊርማ ዙሪያ ነው፤ ክብሩ በማይከሰሰው ሰው ዘንድ ይቀመጣል፣ ሥልጣኑ ግን ሊከሰስና ሊሻር ለሚችል ሰው ይሰጣል።

በብሪታኒያ ይህ ክፍፍል የቆመው ከተጻፈ ሕግ ይልቅ በልማድ ነው። ንግሥት አን በ1708 እ.ኤ.አ. የስኮትላንድን ሚሊሺያ የሚመለከት ረቂቅ ሳያጸድቁ ከቀሩ ወዲህ፣ ፓርላማ ያሳለፈውን ሕግ የከለከለ ንጉሥ የለም፤ እርሳቸውም ቢሆኑ ያደረጉት በሚኒስትሮቻቸው ምክር ነበር። እንግሊዛዊው ጸሐፊ ዋልተር ባጆት በ1867 ባሳተመው ጥናት ለዘውዱ የቀሩትን መብቶች በሦስት ወሰናቸው፤ ሚኒስትሮቹ ያማክሩታል፣ እርሱ ያበረታታቸዋል፣ ያስጠነቅቃቸዋል። ይህ ክፍፍል በቅርቡ የተፈተነው በ2019 ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ቦሪስ ጆንሰን ፓርላማው ለአምስት ሳምንታት ያህል እንዲዘጋ ዳግማዊት ኤልሳቤጥን መከሩ፤ ትእዛዙም በንግሥቲቱ ስም ወጣ። መስከረም 24 ቀን (እ.ኤ.አ.) የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አሥራ አንድ ዳኞች በአንድ ድምፅ ምክሩ ሕገ ወጥ፣ ትእዛዙም ከንቱ ነው ብለው ወሰኑ። ትእዛዙ የወጣው በንግሥቲቱ ስም ቢሆንም ነቀፌታው ያረፈው በመካሪው ላይ ነበር። ዳኞቹ የመንግሥትን ድርጊት በድፍረት የሻሩት ዙፋኑን ሳይከሱ መሻር ስለሚችሉ ነው።

አስቸጋሪው ጥያቄ ንጉሡ ራሱ አልፈርምም ሲል ይመጣል። የቤልጅየሙ ንጉሥ ቦድዌን በመጋቢት 1990 እ.ኤ.አ. ፓርላማው ያጸደቀው የፅንስ ማቋረጥ ሕግ ቀረበላቸው። አጥባቂ ካቶሊክ ነበሩና ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ለቪልፍሪድ ማርተንስ ደብዳቤ ጻፉ፤ የኅሊና ነጻነት ለዜጋ ሁሉ ሲፈቀድ ለንጉሥ ብቻ ይከለከላልን ብለውም ጠየቁ። ጥያቄው ከልብ የመነጨና ከባድ ነበር። ማርተንስ መውጫ ያገኙት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 82፣ ንጉሡ መንገሥ ሲሳነው ስለሚደረገው በሚናገረው ድንጋጌ ነው። ካቢኔው ንጉሡ መንገሥ አልቻሉም ብሎ አወጀ፤ ሚኒስትሮቹ ሕጉን ራሳቸው ፈረሙ፤ ሚያዝያ 5 ቀን (እ.ኤ.አ.) ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው ንጉሡን ወደ ሥራቸው መለሱ። በሕጉም በንጉሡም ላይ ጉዳት አልደረሰም። ሆኖም መፍትሔው አያረካኝም። ያ ድንጋጌ በምርኮ ወይም በሕመም ምክንያት ዙፋኑ ሲሰናከል እንዲያገለግል የተጻፈ ነበር፤ በጀርመኖች እጅ ወድቀው ለነበሩት ለቀድሞው የቤልጅየም ንጉሥ ለሣልሳዊ ሌዎፖልድ የዋለውም በዚሁ መንገድ ነው። ኅሊናው ስላልፈቀደለት ብቻ ጤነኛውን ሰው «አልቻለም» ማለት ቃሉን ያለ ቦታው መጠቀም ነው።

ሉክሰምበርግ ተመሳሳይ ችግር ሲገጥማት የመረጠችው ቀጥተኛውን መንገድ ነው። ታላቁ መስፍን ሄንሪ በ2008 እ.ኤ.አ. ታማሚዎች በሐኪም እርዳታ ሕይወታቸውን እንዲያበቁ የሚፈቅደውን ሕግ አላጸድቅም አሉ። በሚቀጥለው ዓመት ሕገ መንግሥቱ ተሻሻለና ታላቁ መስፍን ሕግን የማጽደቅ ሥልጣናቸው ቀርቶ የማወጅ ተግባር ብቻ ተረፋቸው።

ንጉሥ በኅሊናው ምክንያት እንቢ የሚልበት ትክክለኛ መንገድ ካለ ግን ያሳየን የኖርዌዩ ሰባተኛ ሆኮን ነው። ሚያዝያ 9 ቀን 1940 እ.ኤ.አ. ጀርመን ኖርዌይን ወረረች። በማግስቱ መልእክተኛው ኩርት ብሮየር ኤልቨሩም በተባለች ከተማ ንጉሡን አግኝቶ የናዚ ደጋፊውን ኖርዌያዊ ቪድኩን ክዊስሊንግን ጠቅላይ ሚኒስትር አድርገው እንዲሾሙ ጠየቀ። ሆኮን ያለ ካቢኔያቸው መልስ አልሰጡም። ኒበርግሱንድ ላይ ሚኒስትሮቻቸውን ሰብስበው፣ ውሳኔው የእናንተ ነው፣ እኔ ግን ይህን ሰው ልሾም አልችልም፤ እናንተ ከተቀበላችሁ ዘውዱን እለቃለሁ የሚል ትርጉም ያለው ቃል ነገሯቸው። ካቢኔውም ጥያቄውን ውድቅ አደረገ። ንጉሡ በሚኒስትሮቻቸው ላይ የጫኑት ሥልጣን አልነበረም፤ በፈቃዳቸው ያቀረቡት የራሳቸውን ዙፋን ብቻ ነው። በ1905 በሕዝብ ድምፅ ወደ ዙፋን የመጡ ንጉሥ ይህን ልዩነት ጠንቅቀው ማወቃቸው አያስገርምም። ቦድዌን ዙፋኑንም እንቢታውንም ይዘው ለመቀጠል ሞከሩ፤ ሆኮን ግን ከሁለቱ አንዱን ለመልቀቅ ተዘጋጁ። የሕገ መንግሥታዊ ንጉሥ ኅሊና ወሰኑ እዚህ ላይ ይመስለኛል።

የስፔኑ ኹዋን ካርሎስ የካቲት 23 ቀን 1981 እ.ኤ.አ. የተነሣውን መፈንቅለ መንግሥት ሌሊቱን የጦር መለዮ ለብሰው በቴሌቪዥን በማውገዛቸው የታሪክ ባለውለታ ሆነዋል። በኋላ ግን የገንዘብ አያያዛቸው ተመርምሮ በ2022 ዓቃቤ ሕግ መዝገቡን ሲዘጋ፣ ከምክንያቶቹ አንዱ በንግሥናቸው ዘመን የነበራቸው ያለመጠየቅ መብት ነበር። ይህ የመርሑን መዛባት ያሳያል። ያለመጠየቅ መብት ትርጉም የሚኖረው በንጉሡ ፋንታ የሚጠየቅ ፈራሚ ሲኖር ነው። ሚኒስትር ባልፈረመበት የግል ጉዳይ ንጉሥ እንደ ማንኛውም ዜጋ በሕግ ፊት ሊቆም ይገባል።

ስዊድን ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብዕሩን ጨርሳ ከንጉሡ እጅ ወስዳለች፤ ሕግ አይፈርምም፣ የጠቅላይ ሚኒስትሩን ሹመት የሚያስፈጽመውም የፓርላማው አፈ ጉባኤ ነው። የ1947ቱ የጃፓን ሕገ መንግሥትም የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥታዊ ድርጊት ሁሉ በካቢኔው ምክርና ፈቃድ እንዲሆን፣ ኀላፊነቱም የካቢኔው እንዲሆን አድርጓል።

ጃፓን ወደ አገራችን ታሪክ ታደርሰናለች። በተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የተረቀቀው የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የተቀዳው በአብዛኛው ከ1889ኙ (እ.ኤ.አ.) የጃፓን የሜጂ ሕገ መንግሥት ነው። ያ ምንጭ ንጉሠ ነገሥቱን ቅዱስና የማይደፈር ብሎ፣ ሚኒስትሮች ለምክራቸው እንደሚጠየቁ ቢጽፍም ለማን እንደሚጠየቁ አልወሰነም። በእኛ አገር የ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ጥያቄውን መለሰው፤ ሚኒስትሮችን የሚሾሙትም የሚሽሩትም ንጉሠ ነገሥቱ ስለነበሩ ተጠያቂነታቸው ለእርሳቸው ሆነ። በነጋሪት ጋዜጣ አዋጆች ግርጌ የጽሕፈት ሚኒስትሩ ፊርማ ይታያል። ሁለተኛው ፊርማ ነበረን ማለት ነው፤ ፈራሚውን ጠርቶ የሚሽር ምክር ቤት ግን አልነበረንም። ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ለዓመታት ጠቅላይ ሚኒስትርነቱንና የጽሕፈት ሚኒስትርነቱን ደርበው ሲይዙ፣ በ1958 ዓ.ም. ሚኒስትሮቻቸውን ራሳቸው እንዲመርጡ ቢፈቀድላቸውም መሠረቱ አልተነካም። ስለዚህ በ1966 ዓ.ም. የሕዝብ ቁጣ ሲነሣ በሕግ የሚያርፍበት ሥፍራ አላገኘም፤ የረሃቡም የኑሮ ውድነቱም ጥያቄ በቀጥታ ወደ ዙፋኑ ሄደ።

በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ የቀረበው ረቂቅ ሕገ መንግሥት ጠቅላይ ሚኒስትሩን ለፓርላማ ተጠሪ ያደርግ ነበር። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ኅዳር 14 ቀን አክሊሉና ሌሎች ሚኒስትሮች ያለ ፍርድ ተረሸኑ፤ በምክር ቤት ፊት ሊጠየቁበት ይገባ የነበረውን ሁሉ በጥይት ተጠየቁበት። ያ ረቂቅ ሥራ ላይ ስላልዋለ በታሪክ መጻሕፍታችን ከጥቂት መስመር አያልፍም። የሕግ ትምህርት ቤቶቻችን ከ1923ቱና ከ1948ቱ ሕግጋተ መንግሥት ጎን አስቀምጠው፣ አንቀጽ በአንቀጽ ሊያስጠኑት ይገባል።