ፊካል ስላጅ፦ የመጸዳጃ ዝቃጭ

የውሃ መሐንዲሶች «ፊካል ስላጅ» የሚሉትን በአማርኛ «የመጸዳጃ ዝቃጭ» ብንለው ይስማማዋል። በመጸዳጃ ጉድጓድ ወይም በሴፕቲክ ታንክ ውስጥ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት የተጠራቀመ ዓይነ ምድር፣ ሽንትና ውሃ ማለት ነው። ከባዱ እንደ ጠላ አተላ ከታች ይዘቅጣል፣ ቀጭኑ ከላይ ይቀራል።

በተለምዶ ግን ይህንንም «ፍሳሽ» እንለዋለን፤ ችግሩም ከዚያ ይጀምራል። «ፍሳሽ ይጣራ» ሲባል ሐሳባችን ወዲያው ወደ ቱቦ ይሄዳል። የአዲስ አበባው የቃሊቲ ማጣሪያ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ሆኖ ሲስፋፋ ፍሳሹን የሚያመጣለት ከመሬት በታች የተቀበረ መስመር ነበረው። በምዕራብ ጎጃም ያሉት ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ግን በጉድጓድ የሚጠቀሙ ከተሞች ናቸው። ቱቦ ቢዘረጋላቸው እንኳ ቆሻሻውን ገፍቶ የሚወስድ ብዙ ውሃ ይፈልጋል፤ ውሃ በፈረቃ በሚዳረስበት ከተማ መስመሩ መደፈኑ አይቀርም። ስለዚህ ለእንዲህ ዓይነት ከተማ መቅደም ያለበት ጉድጓዱን የሚመጥጠው መኪና ዝቃጩን የሚያራግፍበት የተዘጋጀ ቦታ ነው ብዬ አምናለሁ። እሱ ከሌለ ጭነቱን ለማራገፍ ያለው ምርጫ ገደል ወይም ቦይ ነው፤ ከዚያም ዝቃጩ ወደ ላህ ወይም ወደ ፈጠም ወንዝ፣ ብሎም ወደ ዓባይ ይወርዳል። ከታች ከብት የሚያጠጣና ውሃ የሚቀዳ ሰው አለ።

በቡሬ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ካሉ ፋብሪካዎች የሚወጣው እውነተኛ ፍሳሽ ስለሆነ የራሱ ማጣሪያ ያስፈልገዋል፤ ከዝቃጩ ጋር መቀላቀል የለበትም።

ለዝቃጩ ቀላሉ መፍትሔ ማድረቂያ መደብ ነው። ከታች ጠጠር፣ ከላይ አሸዋ ይነጠፍና ዝቃጩ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይፈስበታል። አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ከፊሉ በአሸዋው ሰርጎ ከሥር በተቀበረ ባለ ቀዳዳ ቱቦ ወደ ኩሬ ይወርዳል፤ ኩሬው ውስጥም ይጣራል። የቀረው በፀሐይ ይተናል። በበጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የላዩ ተሰነጣጥቆ በአካፋ የሚነሣ ይሆናል።

ምዕራብ ጎጃም ላይ ፈተናው ክረምቱ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ መደቡን መልሶ ይሞላዋል፣ ፀሐይም የለም። በዚያው ወቅት የከርሰ ምድር ውሃ ከፍ ስለሚል ጉድጓዶች ቶሎ ይሞላሉ፤ የመኪናው ሥራ የሚበዛው መደቡ መሥራት ባቆመበት ጊዜ ነው። ብርሃን የሚያስገባ ጣሪያ፣ ወይም የክረምቱን ዝቃጭ እስከ ጥቅምት ይዞ የሚያቆይ ገንዳ በዲዛይኑ ውስጥ ከመጀመሪያው መግባት አለበት። ለደረቅ አገር የተሠራ ንድፍ እንዳለ ወደ ጎጃም ቢመጣ ሦስት አራት ወር ቆሞ ይከርማል።

የደረቀው ዝቃጭ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ አለው። ለማዳበሪያ ብዙ ለሚከፍል በቆሎ አምራች፣ አፈሩም በአሲድ ለተጎዳ አካባቢ ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ነገር ግን ስለደረቀ ብቻ ንጹሕ አይሆንም፦ የወስፋት እንቁላል አፈር ውስጥ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። ከገለባና ከቅጠል ጋር ተከምሮ፣ የክምሩ ውስጥ ሙቀት ከ50 ዲግሪ በላይ ወጥቶ ለቀናት እንዲቆይ፣ እየተገላበጠም የዳሩ ወደ መሐል እንዲገባ ማድረግ ግድ ነው። ያኔም ቢሆን መጀመሪያ ለችግኝና ለበቆሎ መሬት ይዋል እንጂ፣ ጥሬውን ለሚበላ አትክልት ወይም በርበሬ ለሚሰጣበት መሬት አይሁን።