ከሐይቅ ወደ በረሃ፤ የግመል መንገድና የዱር አህያ

በወሎ ምድር ከሐይቅና ከአምባሰል ደጋ ወደ ምሥራቅ የወረደ ሁሉ መድረሻው የአፋር በረሃ ነው። ከተሁለደሬ ከፍታዎች የሚነሣው የሚሌ ወንዝ እንኳ መጀመሪያ ወደ ሰሜን ቢያቀናም፣ ኋላ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ አዋሽን የሚቀላቀለው በዚያው በረሃ ውስጥ ነው። በቁልቁለቱ ወገብ ላይ ባቲ አለች። ከአራቱ የዜማ ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ በዚህ መንገድ ላይና ታች ባሉ አገሮች ስም መጠራታቸው የሙዚቃን ሰው ሳያስገርም አይቀርም።

«ሳፋሪ» ሲባል ዛሬ የሚታሰበው የአውሬ አደን ወይም ጉብኝት ነው። ቃሉ ግን በስዋሂሊ ጉዞ ማለት ብቻ ነው፤ በዚህ ትርጉሙ ከሄድን የአፋር ግመል ነጂ ከማንኛውም ባለ ካሜራ ቀድሞ ሳፋሪ ወጥቷል። ጨው ጭኖ ሰኞ ለሚቆመው የባቲ ገበያ ይደርስ፣ እህል ሸምቶ ይመለስ ነበር። ግመል ለደጋ ብርድና ለገደላማ መንገድ አልተፈጠረምና፣ ጨውን ከዚያ ወዲያ ወደ ደሴና ወደ ሐይቅ የሚያወጡት በቅሎና አህያ ነበሩ። ነጂው የሳላውን መንጋና የሰጎኑን ዱካ በየጉዞው ያያል፤ ለእርሱ ግን ይህ ትርኢት ሳይሆን ውሃና ሣር ወዴት እንዳለ የሚያመለክት ነገር ነበር።

አዲስ አበባ የተወለደው እንግሊዛዊ ዊልፍሬድ ቴሲጀር በ1933 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከአዋሽ ጣቢያ ግመሎች አስጭኖ ተነሣ። የአዋሽ ወንዝ ከአቤ ሐይቅ ገብቶ እንደሚቀር በዓይኑ አረጋግጦ፣ በ1934 ታጁራ ከባሕሩ ዳር ደረሰ። ጉዞው የተመዘገበው በእርሱ ስም ነው፤ ይገባዋልም። ይሁንና የአውሳው ሱልጣን መሐመድ ያዮ ባይፈቅዱለት ኖሮ ከመንገድ በቀረ ነበር። ግመሎቹን ማለዳ የጫኑትን፣ ማታ ያራገፉትንስ ስንቱ አንባቢ ያስታውሳል?

ከበረሃው አራዊት ሁሉ ለሐይቅ ገበሬ የሚቀርበው የዱር አህያ ነው። ይህ ባለ ዥንጉርጉሩ የሜዳ አህያ አይደለም፤ ገላው አመድማ ሆኖ እግሩ ብቻ ነው የተሸነተረው። በሐይቅ ገበያ እህል ተጭኖ የሚቆመው አህያ የዘር ሐረጉ የሚመዘዘው ከአፍሪካ የዱር አህያ ነው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የያንጉዲ ራሳ ብሔራዊ ፓርክ ሲታሰብ ዋናው ምክንያት ይህን እንስሳ ማዳን ነበር። ዛሬ በዓለም የቀረው ከጥቂት መቶ አይበልጥም፤ እርሱም በኢትዮጵያና በኤርትራ በረሃ ብቻ ነው። ጥይቱ አንድ ጠላት ነው። ከለማዳው ዘመዱ ጋር መዳቀሉም ዘሩን ያደበዝዝበታል። ድርቅ ሲጠና ደግሞ ከብቱና የዱር አህያው በአንድ ውሃ ይገናኛሉ፤ ቀድሞ የሚጠጣው የእረኛው ከብት ነው።