«ሕዋስ» እና «ደም ቅዳ»፤ የሰው አካል ጥናት ቃላት ከአዊኛ እስከ እንግሊዝኛ

የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ የሁለተኛ ደረጃው ግን እንደ ቀድሞው በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ደነገገ። ከዚያ ወዲህ በእንጅባራና በዳንግላ አካባቢ አያሌ ሕፃናት ትምህርታቸውን በአዊኛ ይጀምራሉ፤ አማርኛን ይጨምራሉ፤ ዘጠነኛ ክፍል ሲደርሱ ስለ ገዛ አካላቸው በእንግሊዝኛ ያነባሉ። በዚህ ጉዞ የአማርኛው ሙያዊ ቃል መሸጋገሪያ ነው። መሸጋገሪያው ምን ያህል ጽኑ እንደ ሆነ በሁለት ቃላት ታሪክ እንመለከታለን።

«ሕዋስ» የግእዝ ቃል ነው። በቤተ ክህነት ትምህርት አምስቱ ሕዋሳት የሚባሉት ማየት፣ መስማት፣ ማሽተት፣ መቅመስና መዳሰስ ናቸው። ዘመናዊው ትምህርት ይህንኑ ቃል ሮበርት ሁክ በ1665 እ.ኤ.አ. በቡሽ ውስጥ አይቶ በላቲን «ትንሽ ክፍል» በሚል ስም ለጠራት ረቂቅ አካል ሰጠው። ነባሩ ፍቺም አልተሻረም፤ ዓይንና ጆሮ ዛሬም «የስሜት ሕዋሳት» ይባላሉ። ስለዚህ «የዓይን ሕዋስ» ሲባል ዓይን ራሱ ነውን? ወይስ ዓይንን ከገነቡት እልፍ አእላፍ ሕዋሳት አንዱ? በእንግሊዝኛ ሁለት የተለያዩ ቃላት ስላሉ ተማሪው ችግሩን የሚያውቀው ዘግይቶ ነው። አማርኛውን ብቻ ተከትሎ ወደ አዊኛ የሚመልስ ተርጓሚም አሻሚነቱን አብሮ ያሻግራል።

«ደም ቅዳ» እና «ደም መልስ» ግን ሌላ መንገድ ያሳያሉ። ሕዝቡ ሁሉንም በጅምላ «ደም ሥር» ይላል። አዲሶቹ ስሞች «ቀዳ» እና «መለሰ» ከሚሉት የዕለት ተዕለት ግሦች ተሠርተው፣ ዊልያም ሃርቪ በ1628 እ.ኤ.አ. ያስረዳውን የደም ዑደት አቅጣጫ በራሳቸው ይናገራሉ። «ደም ቅዳ ንጹሕ ደም የሚሸከም ነው» የሚለው ብያኔ ከልብ ወደ ሳንባ በሚሄደው ደም ቅዳ ላይ ይፈርሳል፤ እርሱ ኦክስጅን ያነሰውን ደም ይወስዳልና። ከልብ መውጣቱን የሚናገረው ስም ግን አይፈርስም።

በ1964 ዓ.ም. የተቋቋመው፣ በኋላም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ የተባለው ተቋም የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላትን በ1980ዎቹ መጨረሻ አሳትሟል። ለአዊኛ የሚሠሩ ባለሙያዎች ከዚህ መዝገብ መነሣታቸው ተገቢ ነው፤ ሆኖም መተርጎም ያለበት ፅንሰ ሐሳቡ እንጂ የአማርኛው ቃል አይደለም። አዊኛ ኩሻዊ ቋንቋ እንደ መሆኑ፣ ለመቅዳትና ለመመለስ የራሱ ግሦች አሉት። በአማርኛም «ሕዋስ» ለረቂቋ አካል ብቻ ቢወሰን፣ ዓይንና ጆሮም «የስሜት አካላት» ቢባሉ እንመርጣለን።