የምድረ ከብዱ አቦ

አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ፣ በሕዝቡ አጠራር አቦ ወይም አቡዬ፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከምታከብራቸው መናንያን ቅዱሳን አንዱ ናቸው። ያረፉበት ነው ተብሎ የሚታመነው የምድረ ከብድ ገዳም የሚገኘው በጉራጌ ምድር፣ በሶዶ ወረዳ ነው። ወረዳው መናገሻው ወልቂጤ በሆነው በጉራጌ ዞን ሥር ሲተዳደር ቆይቶ፣ ዛሬ ቡታጅራን ማእከሉ ባደረገው በምሥራቅ ጉራጌ ዞን ውስጥ ይገኛል። ወደ ምዕራብ፣ በምሁር አገር፣ የጥንቱ የምሁር ኢየሱስ ገዳም የሚነሣው ከአቡነ ዜና ማርቆስ ስም ጋር ነው፤ የሶዶ ስም ግን ከአቦ አይለይም።

ገድላቸው እንደሚተርከው ጻድቁ በግብፅ፣ ንሒሳ በተባለ ስፍራ፣ ከስምዖንና ከአቅሌስያ ታኅሣሥ 29 ቀን ተወለዱ። የእናታቸውን ጡት አልጠቡም፤ በሦስት ዓመታቸው ገዳም ገቡ። እህል ውኃ ሳይቀምሱ፣ ልብስ ሳይለብሱ፣ ገላቸውን የሸፈነው ጠጉር ብቻ ሆኖ በግብፅ 300 ዓመት ኖሩ። በንጉሥ ላሊበላ ዘመን 60 አንበሶችና 60 ነብሮች አስከትለው ወደ ኢትዮጵያ መጡ። በዝቋላ ተራራ ላይ ባለው ሐይቅ ውስጥ ቁልቁል ተዘቅዝቀው ለኢትዮጵያ ሕዝብ ምሕረት 100 ዓመት ለመኑ። በኢትዮጵያ 262 ዓመት ከቆዩ በኋላ በመጋቢት 5 ቀን ዐረፉ።

562 ዓመት የሚለው ዕድሜ በታሪክ ሚዛን የሚለካ አይደለም። ይሁን እንጂ ስሌቱ የሚያመላክተው ነገር አለ፦ ከላሊበላ ዘመን ተነሥቶ 262 ዓመት ቢቆጠር የሚደረሰው በአውሮፓ አቆጣጠር 15ኛው ክፍለ ዘመን፣ ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ አካባቢ ነው። ጊዜው ክርስትና ከሸዋ ወደ ደቡብ የሰፋበት ነው፤ ገድሉም መነኮሳት ዝቋላንና ሶዶን እንዴት በአንድ የቅድስና ካርታ እንዳገናኟቸው ያሳያል።

የመጽሐፈ ምሥጢር ደራሲ አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ በነገረ መለኮት ድርሳን ይታወቃሉ። አቦ የሚታወቁበት ድርሳን የለም፤ በምእመናን ልብ የገቡት በሥዕልና በማኅበር ነው። ሥዕላቸውን ያላየ ምእመን ጥቂት ነው፦ ጺማቸው የነጣ፣ ጠጉራቸው እንደ ካባ የሸፈናቸው አረጋዊ እጆቻቸውን ለጸሎት ዘርግተው ቆመዋል፤ ግራና ቀኝ አንበሶችና ነብሮች አሉ፤ ወፍ ከዓይናቸው እንባ ትጠጣለች። ወር በገባ በ5 ቀን በስማቸው ጽዋ ይጠጣል።

የዕረፍታቸው ቀን መጋቢት 5 ሁልጊዜ የሚውለው በዐቢይ ጾም ውስጥ ነው። በጾሙ ከበሮና ጸናጽል ስለማይመታ፣ በዓሉ በደመቀ ማኅሌት የሚከበርበት ሌላ ቀን አስፈልጎ ጥቅምት 5 ተሠራለት። በሁለቱም ቀናት ምእመናን ወደ ምድረ ከብድና ወደ ዝቋላ ይጓዛሉ።