አምባዛ በገሊላ ባሕር

እስቲ ቀረብ በሉ። ወሬው የአፉላ ነውና የሱፍ ፍሬ እየፈለፈላችሁ ብትሰሙኝ አይከፋኝም፤ ከተማዋ በመላ እስራኤል የታወቀችው በእሱ ነው። የሰዎቼን ስም ግን አትጠይቁኝ። ስም ብጠራ ነገ ጊቭዓት ሃሞሬ ሰፈር ላይ ዱላ ይዞ የሚጠብቀኝ አይጠፋም። አንድ ሽማግሌ አያት፣ ባለቤታቸው፣ ልጃቸው ከነሚስቱ፣ ሦስት የልጅ ልጆች በሏቸው።

ነሐሴ ነው፤ ትምህርት ቤት ተዘግቷል። እነዚህ ሰዎች ሐይቅ ዳር ድንኳን ተክለን እንደር፣ ዓሣም እናጥምድ ብለው ተነሡ። በዚያ አገር የሳምንቱ መጨረሻ ዓርብና ቅዳሜ ነው። አያትየው ደግሞ የደምቢያ ቤተ እስራኤል ናቸው፤ በሰንበት እሳት አይነካም፣ መንገድ አይኬድም፣ ዓሣም አይጠመድም። ስለዚህ ሽርሽሩ ረቡዕ ተጀምሮ ዓርብ እኩለ ቀን እንዲያልቅ ተወሰነና ልጅየው ከሥራው ፈቃድ ወሰደ።

እንጀራው፣ ዶሮው፣ ከሰሉ ተጫነ። በታቦር ተራራ ግርጌ አልፈው በያቭኔኤል ቁልቁል ሲወርዱ የሁሉም ጆሮ ተደፈነ። ሐይቁ፣ ኪኔሬት የሚሉት የገሊላ ባሕር፣ ከባሕር ወለል በታች 210 ሜትር ገደማ ነው የተኛው። አያትየው ያደጉበት ጣና ግን ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ነው ያለው። ስፋቱም 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ የኪኔሬት 166 ነው። እንግዲህ ሽማግሌው አርባ ዓመት ሙሉ ይህን ሐይቅ ባዩ ቁጥር የሚሉት አንድ ነገር ነው፦

«ባሕር የምትሉት ይሄንን ነው? ማዶው እኮ ይታያል!»

ልጆቹ አብረው እየጨረሱላቸው ይስቃሉ።

ድንኳኑ በምሥራቁ ዳርቻ ተተከለ። ወዮላቸው! በበጋ ከሰዓት በኋላ ከሜዲትራኒያን የተነሣው ነፋስ በምዕራቡ ኮረብታ ላይ ተንደርድሮ ሐይቁን ያናውጠዋል፤ ማዕበሉን የሚቀበለው ደግሞ ይኸው የምሥራቁ ዳርቻ ነው። ድንኳኑ ሁለት ጊዜ ተነቀለ። በሦስተኛው ሴት አያትየው ድስቱን፣ የውኃ ጀሪካኑንና ራሳቸውን በጥግ በጥጉ አስቀመጡና ቆመ።

አሁን ወደ ዓሣው። ትልቁ የልጅ ልጅ ወታደር ነው፤ ከዩቲዩብ ተምሮ በላባና በክር የተሠራች ሐሰተኛ ዝንብ ጅራፍ በሚያህል ክር ላይ አስሮ ይወረውራል። ሲወረውር ያምራል፣ አልዋሽም። ግን አንድ ዓሣ ዞር ብሎ አላያትም። ምክንያት አለው። ምግብ ቤቶች «የቅዱስ ጴጥሮስ ዓሣ» እያሉ የሚሸጡት አምኑን፣ የጣናው ቆሮሶ ዘመድ፣ ዋነኛ ቀለቡ በዓይን የማትታይ ውኃ ላይ የምትንሳፈፍ ደቂቅ ዕፅ ናት። ዝንብ ምን ያደርግለታል? ዓሣ አጥማጆቹ ከጥንት ጀምሮ በመረብ የሚይዙት ለዚሁ ነው። ዝንቧ የተፈጠረችው እንደ ትራውት ላለ፣ በቀዝቃዛ ወንዝ ነፍሳት እየለቀመ ለሚኖር ዓሣ ነው። እኛም አገር አለ፤ በ1960ዎቹ ከኬንያ መጥቶ ባሌ ተራሮች ወንዞች ውስጥ ተጨምሮ ተራብቷል።

ልጁ ግን ጸሐይ እስክትጠልቅ አልተወም።

ሲጨልም ሽማግሌው ብድግ አሉ። አባታቸው ማረሻ ቀጥቃጭ ነበሩ፤ ጎርጎራ ገበያ ሲወርዱ ሐይቁ ዳር ብዙ አይተዋል። ከእራት የተረፈ የዶሮ ጉበት መንጠቆ ላይ ሰኩ፣ ክሩን ጣታቸው ላይ ጠመጠሙ፣ ተቀመጡ። ወታደሩ ሊስቅ አፉን ሲከፍት ክሩ ተወጠረ። ጎተቱ፤ ልጃቸው አገዛቸው። ምን ወጣ መሰላችሁ? ጥቁር፣ ልሙጥ፣ ጭንቅላተ ጠፍጣፋ፣ ባለ ጢም!

«አምባዛ!» አሉ ሽማግሌው። «አንተ ደግሞ እዚህ ምን ልታደርግ መጣህ?»

ጥያቄው የቀልድ አይምሰላችሁ። የጣናው አምባዛና የኪኔሬቱ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ሊቃውንት ሁለቱንም ክላሪያስ ጋሪየፒነስ ነው የሚሏቸው። በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን የአይሁድን ጦርነት ታሪክ የጻፈው ፍላቪየስ ጆሴፈስም ተመሳሳይ ነገር አንሥቶ ነበር። በቅፍርናሆም ያለ ምንጭ፣ በእስክንድርያ አጠገብ ባለው ሐይቅ እንዳለው ዓይነት ዓሣ ስለሚያወጣ፣ የዓባይ ሥር ነው ብለው የሚያስቡ ሰዎች እንዳሉ ጽፏል። ያ ዓሣ አምባዛ ነው የሚሉ አሉ። ዛሬ የሚነገረው በጥንት ዘመን የአፍሪካ ውኃዎችና የዮርዳኖስ ሸለቆ ይገናኙ እንደነበር ነው። አምባዛ ደግሞ ከውኃ ወጥቶ አየር ይተነፍሳል፤ በእርጥብ መሬት ላይ እየተሳበ ከኩሬ ወደ ኩሬ ይሻገራል።

ሽማግሌውም ከኢትዮጵያ በእግራቸው ነው የወጡት፤ በ1984 እ.ኤ.አ.፣ በሱዳን በኩል፣ ብዙ ሰው በየመንገዱና በየመጠለያው እየቀበሩ። ሲደርሱ ምን ጠበቃቸው? በጊዜው ዋና ረቢ የነበሩት ኦቫድያ ዮሴፍ በ1973 ቤተ እስራኤል አይሁድ ናቸው ብለው ፈርደው ሳለ፣ የረቢዎቹ ጽሕፈት ቤት ለጥርጣሬ ማጥፊያ ውኃ ውስጥ ተነከሩ አላቸው። በ1985 መጸው ሰዎቻችን ኢየሩሳሌም ጽሕፈት ቤቱ ፊት ለፊት ለሳምንታት ተቀምጠው ተቃወሙ። ሽማግሌውም ከተቀመጡት አንዱ ናቸው።

«ይሄን ማንም ተነከር አላለውም» አሉ አምባዛውን እያዩ።

«አባባ፣ እሱ እኮ ድሮም ውኃ ውስጥ ነው» አለች ትንሿ።

ከዚያ የመብላት ነገር ተነሣ። ምራቲቱ ከሰሉን አየች፣ ከሰሉ ቀልቷል። ሕጉ ግን ግልጽ ነው፤ ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ክንፍና ቅርፊት ያለውን ብሉ ይላል፣ አምባዛ ደግሞ ክንፍ እንጂ ቅርፊት የለውም። ደምቢያም ሳሉ አልበሉትም። ሽማግሌው መንጠቆውን ቀስ ብለው አወጡለት፤ ውኃው ጫፍ ላይ አኖሩት፤ ጅራቱን ወንጭፎ ሁሉንም አረጠባቸውና ሄደ።

ሐሙስ እንደዚሁ አለፈ፤ ወታደሩ ዝንብ እየወረወረ፣ ሴት አያትየው ድንኳን እየጠበቁ። ዓርብ ጧት ጥብርያዶስ ገብተው አምኑን በኪሎ ገዙ፤ ለሰንበት የሚሆነው ሳይመሽ መሠራት ነበረበት። መንገድ ላይ ወታደሩ ስልኩን አውጥቶ በሰሜን፣ ዳን ወንዝ ላይ፣ ከሄርሞን በሚመነጨው ቀዝቃዛ ውኃ ትራውት እንደሚረባ አነበበላቸው።

«ለዝንቤ እዚያ መሄድ ነበረብን፣ አባባ።»

«ቅርፊት አለው?»

ልጁ ፈለገ፣ አገላበጠ። «አለው። ግን ደቃቃ ነው።»

«ደቃቃም ቅርፊት ነው» አሉና ወደ ልጃቸው ዞሩ፤ «ለሚቀጥለው ወር ፈቃድ ጠይቅ።»