«አልወዳደርም» የማለት አቅም

ጣሊያናዊው ጂልቤርቶ ፓርሎቲ በሰኔ 1972 ወደ ማን ደሴት ሲሻገር እዚያ ተወዳድሮ አያውቅም ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አንዱ ዙር ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። መንገዱ መንደር ለመንደር ያልፋል፣ የድንጋይ አጥርና የመብራት ምሰሶ እየታከከ ይሄዳል፣ ተራራ ወጥቶም ይወርዳል። በጥቂት ቀን ልምምድ የሚጠና መንገድ አይደለም። ፓርሎቲ ግን በዚያ ዓመት የ125 ሲሲውን የዓለም ሻምፒዮና እየመራ ነበር፤ ዋነኛ ተቀናቃኙ ስፔናዊው አንኸል ኒየቶ ደግሞ በደሴቲቱ አይወዳደርም። ኒየቶ በሌለበት ነጥብ መሰብሰብ በየሳምንቱ የማይገኝ ዕድል ነው። ፓርሎቲ ዝናብና ጉም በወረደበት ጠዋት በሞርቢዴሊ ሞተር ሳይክሉ ውድድሩን እየመራ ሳለ ተራራው ላይ ወድቆ ሞተ። የዓመቱን ሻምፒዮንነት ኒየቶ ወሰደ።

ይህን የሰማ ሰው «ፉክክር ገደለው» ብሎ ለመፍረድ ይቸኩላል። ነገር ግን ኒየቶም ያው ተፎካካሪ ነበር፤ እሱን ፉክክሩ ወደ ደሴቲቱ አልወሰደውም። ኒየቶ ቀድሞ የዓለም ሻምፒዮን የሆነ፣ የታወቀ ፋብሪካ የያዘው ሰው ነው፤ አንድ ውድድር ቢቀርበት ነገም የሚፈለግ ነው። ፓርሎቲ ገና አንድም የዓለም ዋንጫ አልነበረውም። ልዩነቱ ከድፍረት ይልቅ የአቅም ይመስለኛል፤ አንዱ እምቢ ማለት ይችል ነበር፣ ሌላው አይችልም። የዚህን ስፖርት ያለፉ ሰባ ዓመታት የምመለከተውም በዚሁ መነጽር ነው። የመወዳደሪያ መሞች ደህና እየሆኑ የመጡት አዘጋጆች ስለራሩ ወይም ቴክኖሎጂ ስለረቀቀ ብቻ አይደለም። ፉክክር ለአንዳንድ ተወዳዳሪዎች ስም ሰጣቸው፤ ስማቸው ደግሞ ከፋብሪካ ወደ ፋብሪካ ለመዛወር አስቻላቸው፤ መዛወር የቻለ ሰው «አልወዳደርም» ሲል የሚሰማው አገኘ።

የዓለም ሻምፒዮናው በ1949 ሲጀመር የመጀመሪያው ውድድር የተካሄደው በዚያችው ደሴት ነው። የዘመኑ መሞች አብዛኞቹ በሌላ ቀን ጋሪና አውቶቡስ የሚመላለስባቸው የሕዝብ መንገዶች ነበሩ። ተወዳዳሪዎቹም ሁለት ዓይነት ናቸው። ጥቂቶቹ የፋብሪካ ሰዎች ሲሆኑ የተቀሩት በራሳቸው ሞተር ሳይክል፣ በራሳቸው መኪና፣ ከአገር አገር እየዞሩ አዘጋጁ በሚከፍላቸው የመነሻ ገንዘብ የሚኖሩ ናቸው። የመነሻ ገንዘብ የሚከፈለው ለተነሳ ሰው ነው። ጎማው ቢያረጅም፣ መንገዱ ቢረጥብም፣ ሰውየው ካልተነሳ ወደሚቀጥለው አገር የሚያደርሰው ነዳጅ አይኖረውም።

በ1955 በሆላንድ አሰን መም እነዚህ የግል ተወዳዳሪዎች ክፍያው እንዲጨመርላቸው ጠይቀው ተከለከሉ። በ350 ሲሲው ውድድር ተነሱና አንድ ዙር ብቻ ነድተው ወጡ። ይህ ብቻ ቢሆን የድሆች ጩኸት ሆኖ ይቀር ነበር። ነገሩን ያከበደው ጄፍ ዱክ ከጎናቸው መቆሙ ነው። ዱክ በእንግሊዙ ኖርተን የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ በ1953 ወደ ጣሊያኑ ጂሌራ የተዛወረና እዚያም በ500 ሲሲ በተከታታይ ያሸነፈ፣ በዘመኑ አቻ ያልነበረው ሰው ነው። እሱ ራሱ የመነሻ ገንዘብ አልቸገረውም። ዓለም አቀፉ የሞተር ሳይክል ፌዴሬሽን ግን ዱክንና ከአሥር በላይ ተወዳዳሪዎችን ለ1956 የመጀመሪያ ስድስት ወራት አገደ። የዚያን ዓመት የ500 ሲሲ ዋንጫ የኤምቪ አጉስታው ጆን ሰርቲስ ወሰደ፤ ዱክም ከዚያ በኋላ የዓለም ሻምፒዮን አልሆነም። ጥያቄው የገንዘብ እንጂ የደህንነት አልነበረም የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው። ሆኖም በባዶ ኪስ የሚኖር ሰው በአደገኛ መም ላይ እምቢ ሊል እንደማይችል ከተቀበልን ሁለቱን ጥያቄዎች መነጠል ያስቸግራል። በ1956 የተቀጣው ክፍያ የጠየቀው ብቻ አልነበረም፤ ከዋንጫ ይልቅ ከባልደረቦቹ ጋር መቆምን የመረጠ ሻምፒዮንም ጭምር ነው።

አንድ ጠንካራ ተቃውሞ እዚህ ላይ ይመጣል። መሞችን ያስለወጠው ሞት ራሱ ነው፣ አድማው የኋላ ማሟያ ነው የሚል። ሞት ብቻውን ቢያስለውጥ ኖሮ ማን ደሴት ከሻምፒዮናው የምትወጣው በ1953 ነበር፤ በዚያ ዓመት የመጀመሪያው የ500 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮን ሌስሊ ግሬሃም እዚያው ወድቆ ሞቷል። በ1970 በአንድ የውድድር ሰሞን ብቻ ስድስት ሰዎች ሞቱ፤ ከእነሱ መካከል ስፔናዊው ሳንቲያጎ ኤሬሮ ይገኝበታል። ደሴቲቱ ግን ነጥብ ማደሏን ቀጠለች። ቀብር በየዓመቱ ነበር። በ1972 አዲስ የሆነው ከቀብሩ በኋላ የተናገረው ሰው ማንነት ነው።

ያ ሰው ጃኮሞ አጎስቲኒ ነው። በደሴቲቱ አሥር ጊዜ አሸንፏል፤ ወዳጁ ፓርሎቲ በሞተበት ዕለት እንኳ የ500 ሲሲውን ውድድር ነድቶ አንደኛ ወጥቷል። ፈርቶ ነው እንዳይባል ድሉ በእጁ ነው፤ አልቻለበትም እንዳይባል አሥር ድል አለው። ከዚያ በኋላ ወደ ማን ደሴት እንደማይመለስ አስታወቀ፣ አልተመለሰምም። ፊል ሪድን የመሳሰሉ ሌሎች ስመ ጥሮችም ተከተሉት። አዘጋጆቹ ለጥቂት ዓመታት ያለ ከዋክብት ሊገፉት ሞከሩ፤ በመጨረሻ ከ1976 በኋላ ደሴቲቱ የዓለም ሻምፒዮና ነጥብ ማደሏ ቀረና የብሪታንያ ውድድር ወደ ሲልቨርስተን ሄደ።

በመሃል የጣሊያኑ መም የሞንዛ ሰቆቃ አለ። ግንቦት 20 ቀን 1973 በ250 ሲሲው ውድድር የመጀመሪያ ዙር፣ ትልቁ ኩርባ ላይ፣ ጣሊያናዊው ሬንዞ ፓሶሊኒና ፊንላንዳዊው ያርኖ ሳሪነን አብረው ሞቱ። የፓሶሊኒ ሞተር ተጣብቆ ነው የሚሉ አሉ፤ ከቀደመው ውድድር መንገዱ ላይ የቀረ ዘይት ነው የሚሉም አሉ፤ ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። የማያከራክረው ወድቀው የሚንሸራተቱበት ባዶ ሜዳ አለመኖሩ ነው። የመሙ ዳር በብረት ከለላ ታጥሮ ነበር። ያ ከለላ በዚያ ዘመን በየመሙ የበዛው የመኪና ተወዳዳሪዎች ለነፍሳቸው ብለው ስለታገሉለት ነው። መኪናን አቅፎ የሚመልሰው ብረት የሞተረኛን ገላ ይሰብራል። ሁለቱ ስፖርቶች አንድ መም ሲጋሩ የሚደመጠው ድምፁ የጎላው ነው፤ ሞተረኞቹ ያን ጊዜ ድምፅ አልነበራቸውም። ሳሪነንን ያጣው ያማሃ ለቀሪው የውድድር ዘመን ከሻምፒዮናው ወጣ፤ ለሚቀጥለው ዓመትም በኤምቪ ቤት ውስጥ ከሪድ ጋር አንገት ለአንገት የተያያዘውን አጎስቲኒን ወሰደ። አጎስቲኒ በ1975 ለያማሃ የ500 ሲሲውን ዋንጫ ሲያመጣ አንድ ነገር ግልጽ ሆነ። ተመልካች የሚከተለው ማሊያውን ሳይሆን ሰውየውን ነው፤ ሰውየው ሲሄድ ዋንጫውም አብሮት ሊሄድ ይችላል።

ቀጥለው የመጡት አድማዎች ይህን ጉልበት የፈተኑ ናቸው። በ1974 በጀርመኑ ኑርቡርግሪንግ በመሙ ዳር በቂ የጭድ እስር ባለመደርደሩ ታላላቆቹ አልነሱም። በ1977 በኦስትሪያው ሳልዝቡርግሪንግ በ350 ሲሲው ውድድር ስዊዘርላንዳዊው ሃንስ ሽታድልማን ሲሞት ከ500 ሲሲው ውድድር ወጡ። በ1979 በቤልጂጉ ስፓ አዲስ የተነጠፈው አስፋልት ጎማ አይዝም ብለው ኬኒ ሮበርትስና ቪርጂኒዮ ፌራሪ ባልደረቦቻቸውን መርተው ለቀቁ። ፌዴሬሽኑ እንደ ዱክ ዘመን ሁለቱን አገደ። ይሁን እንጂ እገዳው አልጸናም፤ ሮበርትስ በዚያው ዓመት ሻምፒዮን ሆነ፤ በዓመቱ መጨረሻም ተወዳዳሪዎቹ ከፌዴሬሽኑ ውጭ የራሳቸውን ውድድር እንደሚያቋቁሙ አወጁ። መም የሚሰጣቸው ስላጡ ያ ውድድር አንድ ቀን እንኳ ሳይካሄድ ከሸፈ። ፌዴሬሽኑ ግን ደንግጦ የሽልማት ገንዘቡን ጨመረ፤ ለተወዳዳሪዎች ጥያቄም ጆሮ መስጠት ጀመረ። ከ1956 እስከ 1979 ሕጉ ብዙም አልተለወጠም። የተለወጠው የሚቀጣው ሰው ዋጋ ነው።

የእኔን ክርክር በእውነት የሚያስቸግረው ከእነዚህ አድማዎች ውስጥ አንዱም ውድድሩን አለማስቆሙ ነው። በኑርቡርግሪንግ ኤድመንድ ቺሃክ አሸነፈ፤ በስፓ ዴኒስ አየርላንድ አሸነፈ፤ በ1989 በሚሳኖ ዝናብ ታላላቆቹ ሲወጡ ጣሊያናዊው ፒየርፍራንቼስኮ ኪሊ ተነስቶ አሸነፈ። በሳልዝቡርግሪንግ ያሸነፈው ጃክ ፊንድሌይ 42 ዓመቱ ነበር፤ ዕድሜውን በግል ተወዳዳሪነት በአውሮፓ መንገዶች የጨረሰ አውስትራሊያዊ ነው። ፊንድሌይን ከዳተኛ ማለት አልችልም። አድማ ለሮበርትስ አንድ ውድድር ሲያስቀር ለፊንድሌይ ዓይነቱ ሰው የወር ቀለብ ያስቀራል። እንዲያውም የዱክ ታላቅነት የሚታየኝ እዚህ ላይ ነው፤ እሱ የቆመው ለደካሞቹ ነበር፣ የ1970ዎቹ ከዋክብት ግን አንዳንዴ ደካሞቹን ከኋላ ትተው ሄደዋል። ቢሆንም ስማቸው የማይታወቅ ጥቂት ሰዎች የሚሽከረከሩበት ውድድር ለአዘጋጁ ትኬት አይሸጥለትም፤ በሚቀጥለው ዓመት የሚስተካከለው መም የሚስተካከለው በዚህ ስሌት ነው።

ቴሌቪዥንና ገንዘብ ነው ያዳናቸው የሚሉም አሉ። በ1992 የስፔኑ ዶርና የሻምፒዮናውን የንግድ መብት ከያዘ በኋላ ብዙ ነገር እንደተሻሻለ አልክድም፤ የመውደቂያ ሜዳዎች ሰፍተዋል፣ በአየር የሚነፋ የመከላከያ ልብስ ከ2018 ጀምሮ ግዴታ ሆኗል። ገንዘቡ ግን በ1993 ዌይን ሬይኒን አላዳነውም። ሬይኒ ከኬቪን ሽዋንትዝ ጋር በነበረው ዝነኛ ትግል ነጥቡን እየመራ ሳለ ሚሳኖ ላይ ወድቆ ከደረቱ በታች ሽባ ሆነ፤ ዋንጫው ለሽዋንትዝ ደረሰ፣ እሱም ብዙ ሳይቆይ ከውድድር ዓለም ወጣ። ተወዳዳሪዎች በወግ የሚቀመጡበት የደህንነት ኮሚሽን የመጣው ከዚያም አሥር ዓመት ቆይቶ፣ ጃፓናዊው ዳይጂሮ ካቶ በሚያዝያ 2003 ሱዙካ ላይ ደርሶበት በነበረው አደጋ ከሞተ በኋላ ነው። ሱዙካ ከውድድር መርሐ ግብሩ ወጣ። በኮሚሽኑ ውስጥ ቫለንቲኖ ሮሲም፣ የካቶ የቡድን ባልደረባ ሴቴ ጂበርናውም ነበሩበት። ሮሲ በዚያው ዓመት መጨረሻ ከሆንዳ ወደ ያማሃ ተዛወረና በ2004 የመጀመሪያውን ውድድር በደቡብ አፍሪካ ዌልኮም አሸነፈ፤ ከጂበርናው ጋር የነበረው ፉክክርም ወደ መራራ ጠብ ተለወጠ። የስፖርቱ ትልቁ ገበያ የነበረው ይህ ጠብ ነው። ያንን ገበያ የሚያመጣ ሰው ስለ አንድ ኩርባ ሲያማርር አዘጋጁ ኩርባውን ሄዶ ያያል።

ፉክክር ራሱ አደጋ አይሆንም ማለቴ አይደለም። በ2015 ሴፓንግ ላይ ሮሲና ማርክ ማርኬዝ ተጋጭተው ማርኬዝ ወደቀ፤ ሮሲ በቀጣዩ ውድድር ከመጨረሻ እንዲነሳ ተፈርዶበት ዋንጫውን በ5 ነጥብ ለሆርሄ ሎሬንዞ አጣ። ይህ ግን ዳኛ ሊቀጣው የሚችል፣ መልክ ያለው አደጋ ነው፤ የብረት ከለላን ዳኛ አይቀጣውም። በሚቀጥለው ዓመት በባርሴሎና ሉዊስ ሳሎም በልምምድ ላይ ሲሞት ተወዳዳሪዎች በዚያው ምሽት ተሰብስበው የመሙ አቅጣጫ በማግስቱ እንዲለወጥ ተስማሙ። ሮሲና ሎሬንዞ ስብሰባው ላይ አልነበሩም፤ ውሳኔው አልጣማቸውም፤ ሆኖም በተለወጠው መም ነዱ።

ማን ደሴት ዛሬም ታወዳድራለች፤ በመንገዷ የሞቱት ከ250 በላይ ሆነዋል። ስፖርቱ ነፍሱን አጣ የሚሉ ወዳጆቿ ይህን ልብ ቢሉት እወዳለሁ፤ ማንም አልዘጋባቸውም፤ የቀረው ግዴታው ነው። እኔን የሚከነክነኝ የታዳጊዎቹ ነገር ነው። በ2021 ስዊዘርላንዳዊው የ19 ዓመት ጄሰን ዱፓስኪየር ሙጄሎ ላይ፣ የ14 ዓመቱ ሁጎ ሚላን አራጎን ላይ፣ የ15 ዓመቱ ዲን በርታ ቪኛሌስ ሄሬዝ ላይ ሞቱ። በዚያ ዕድሜ ስም የለም፣ የሚዛወሩበት ፋብሪካ የለም፣ ወላጅ ለወንበሩ ገንዘብ የሚከፍልበት ጊዜ ብዙ ነው። ፌዴሬሽኑ ከ2023 ጀምሮ በዓለም ሻምፒዮናው ዝቅተኛውን ዕድሜ ወደ 18 ከፍ አደረገ፤ በታዳጊዎች ውድድር ለሚያሸንፉት ግን በሩን ገርበብ አድርጎ ተወው።